ምግቡ ላይ ምንም ችግር አልነበረም

ይህን ነገር ለዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለባሌም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» ብያለሁ። ሌላ ነበር። ጾም መግደፌን ተናዘዝኩ፤ ሰው ማማቴን ተናዘዝኩ፤ አማቴ ላይ ፊቴን ማጥቆሬን ሳይቀር ተናዘዝኩ። ይህን ግን ሆዴ ውስጥ ቆልፌበት ኖርኩ። የምታነቡኝ ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝና ከዚያ በኋላ እንደ ፈለጋችሁ ፍረዱ።

መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ታቦር ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ የተመደብኩት ግን ከጋፋት ማዶ በእግር የሚደረስበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። ሳይንስ አስተምራለሁ። የጓሮ አትክልት ክበብ የሚባለውንም «አንቺ ወጣት ነሽ፤ ጉልበት አለሽ» ተብዬ ተረከብኩ። በመጀመሪያ አኮረፍኩ፤ ጭቃ ለመርገጥ አይደለም የተማርኩት አልኩ። ኋላ ግን ወደድኩት። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ የነበረውን ጠፍ መሬት ልጆቹ ቆፈሩት፤ ከየቤታቸው ፍግ በጆንያ እየተሸከሙ አመጡ፤ መደብ አበጅተን ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ድንች ተከልን። የደረሰውን ደግሞ ራሳቸው እንዲያበስሉት አደረግሁ።

የገበሬ ልጅ መትከል ምን ይማራል እንዳትሉኝ። ካሮት በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ነበሩ። ወንዶቹ ሽንኩርት ሲከትፉ በሳቅ ይሞታሉ፤ እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ይከትፋሉ። አንዲት እናት ልጇ ጎመን ሲቀነጥስ አግኝታው «እሰይ፣ ሙያ አስተማርሽልኝ፤ እንግዲህ ባል ፈልጊለት» ብላ አላግጣብኛለች። ልጆቹ የተከሉትን ሲበሉ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ኩራት ብታዩ እናንተም ትወዱት ነበር። ይህን የምናገረው በጎ ሥራዬን ከጥፋቴ ጎን ላስቀምጥ ብዬ አይደለም። ምን እንዳበላሸሁ እንድታውቁ ነው።

ከልጆቹ ሁሉ የምትበልጥብኝ ትርንጎ ነበረች። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ረጅም፣ ቁጥብ፣ እጇ የማያርፍ ልጅ። አባቷ አያ ካሴ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። አገሩ የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ ከእሳቸው እጅ ነው የሚወጣው። የክበባችንንም መቆፈሪያዎች ሠርተው «ለልጆች ነው» ብለው ዋጋ እንቢ ያሉ እሳቸው ናቸው። አገራችንን ለሚያውቅ ከዚህ በላይ አልናገርም። ለማያውቅ ግን ልንገር፤ ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ይባላል። ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል፤ ሰው ምግብ ሲጎርስ ካየማ የጎረሰው ሰው በበሽታ ይወድቃል ይባላል። በጋፋት በተሠራው መድፍ የማይኮራ ሰው እዚያ አገር የለም፤ ማረሻውን በሚቀጠቅጥለት ሰው ፊት ግን ቁራሽ አይቆርስም።

እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ። እንዲህ ያለውን ወሬ ንቄ እንደጣልኩ ላሳይ ብዬ ትርንጎን የምግብ ዝግጅቱ አለቃ አደረግኋት። ወጡን የምታማስለው እሷ፤ የምትጨልፈው እሷ። አንዳንድ ወላጆች ቅር አላቸው። ቅር ሲላቸው እኔን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ያደረግሁት ለትርንጎ ብዬ ነበር ወይስ ራሴን ከእነሱ በላይ አድርጌ ለማየት? ያኔ ብትጠይቁኝ ሳላመነታ ለእሷ ነው እላለሁ። ዛሬ እንደዚያ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ርዕሰ መምህሩ ታኅሣሥ ላይ የወላጆች ቀን አዘጋጀ። ልጆቹ ያመረቱትን አብስለው ወላጆቻቸውን ያበላሉ፤ ከወረዳም ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። እኔ በመምህራኑ ሁሉ ፊት ተነሥቼ «ከገበያ አንዲት ሽንኩርት አትገዛም፤ ሁሉም ከራሳችን መደብ ነው» አልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ምስጋና እወዳለሁ፤ ሰው ሲያጨበጭብልኝ እወዳለሁ። የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ውርጭ መጣ። ጠዋት ስንደርስ የድንቹ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ጠቁሮ ተኝቷል። ብንቆፍረው የጣት ጫፍ የሚያክል እንጂ የሚበላ አልወጣም። ጎመኑ ተርፏል፤ ወጥ የሚሆን ድንች ግን የለንም። ያን ጊዜ «ውርጭ መታብን» ማለት እችል ነበር። ማን ይቆጣኝ ነበር? ውርጭ የማያውቅ ገበሬ የለ! ከደብረ ታቦር ድንች ገዝቼ መምጣትም እችል ነበር፤ ነገር ግን ጆንያ አሸክሜ በዚያ መንገድ ስመጣ ሰው ያየኛል፤ «ከራሳችን መደብ ያለችው ከገበያ ተሸክማ መጣች» ይሉኛል። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት እንቅልፍ ነሣኝ።

ዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ድንች ነበር። ጥር ላይ በመስኖ ለመትከል ያስቀመጥነው ዘር ድንች። ዘር ድንች ብርሃን በሚያገኝበት ቦታ ነው የሚዘረጋው፤ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ እንዲሆን። ብርሃኑ ግን ድንቹን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ አረንጓዴ የሆነ ድንች ደግሞ መርዝ አለው። ይህን የማላውቅ መሰላችሁ? ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በፈተና የጠየቅሁትም እኔ ነኝ። እያወቅሁ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩና ዘሩን አወጣሁት።

በበዓሉ ጠዋት ልጆቹ ክብ ሠርተው ይልጣሉ። ትርንጎ አንዱን ድንች ለሁለት ከፍላ ይዛልኝ መጣች።

«ቲቸር፣ ውስጡም አረንጓዴ ነው። እንዲህ ያለው አይበላም ብለውን ነበር» አለችኝ።

«ልጣጩን ወፈር አድርጋችሁ አንሡት፤ የቀረው ሲበስል ይጠፋል» አልኳት።

ሲበስል አይጠፋም። እንደማይጠፋም አውቃለሁ። እሷ ግን አስተማሪዋ ነኝና አመነችኝ፤ «እሺ» ብላ ተመልሳ ጓደኞቿን ወፈር አድርገው እንዲልጡ አዘዘች። ወጡ ሲበስል የቀመሰ አንድ ልጅ መረረኝ አለ። በርበሬ እንድትጨምር ነገርኳት፤ በርበሬው ምሬቱን ሸፈነው።

የነቢያት ጾም ነበር። ትልልቆቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ «ሕፃናት ይቅደሙ» ተባለና ልጆቹ እኩለ ቀን ላይ በሉ። ወላጆቻቸው ዙሪያውን ቆመው ደስ እያላቸው ያዩ ነበር። አያ ካሴም መጥተው ነበር። ይምጡ ብዬ በትርንጎ ደጋግሜ የላክሁባቸው እኔ ነኝ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከሰው ራቅ ብለው፣ አጥሩ ጥግ ቆመዋል። ሰው ወደሚበላበት ቦታ ተጠርተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ልጃቸው ጭልፋ ይዛ ለሰው ልጆች ስታወጣ እያዩ ፈገግ ብለው ነበር። ሰውየው በዚያ ቀን ደስተኛ ነበሩ።

የወረዳው ሰዎች ንግግር አደረጉ፤ ልጆቹ ዘመሩ፤ እኔም ተጨበጨበልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ ሆዴን አለ። ቀጥሎ ሌላው አስመለሰ። ወዲያው ከየአቅጣጫው ልቅሶ ሆነ፤ እናቶች እየጮሁ ልጆቻቸውን አዝለው ይሮጣሉ። ትልልቆቹ ገና አልቀመሱም ነበርና የታመሙት ልጆች ብቻ ናቸው። ከልጆቹም ትርንጎ አልታመመችም፤ አስተናጋጅ መጨረሻ ስለሚበላ እሷ ገና አልበላችም ነበር። ይህም በኋላ ተቆጠረባት።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ «ምንድን ነው የበሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔም መናገር ይቻል ነበር፤ ለሕክምናውም ይጠቅም ነበር። «ድንችና ጎመን ነው። ውኃው ይሆን እንዴ?» አልኳት። ልጆች እያቃሰቱ እኔ የምጨነቀው ለስሜ ነበር። ከሁሉም ትንሹ ልጅ ሰውነቱ ከድቶት ዓይኑ ተገለበጠ፤ ብዙ ቀን ተኝቶ ነው የተነሣ። እናቱ አልጋው ሥር ተደፍታ ስትለምን አጠገቧ ቆሜ «አይዞሽ» እላት ነበር። እኔው! አንድም ልጅ አልሞተም፤ ይህ የእግዚአብሔር ቸርነት እንጂ የእኔ ጥንቃቄ አይደለም። ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሼም የተረፈውን ወጥና ልጣጩን ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ደፍቼ አፈር አለበስኩት።

ሰኞ ወላጆች ተሰበሰቡ። የውኃውን ነገር ማንም አልተቀበለውም፤ ያንኑ ውኃ አገሩ ሁሉ ይጠጣዋል። አንዲት ሴት ከመሐል ተነሣች።

«ልጆቻችን ሲጎርሱ ማን ቆሞ ሲያይ ነበር? ወጡንስ የጨለፈው የማን እጅ ነው? እንነጋገር እንጂ» አለች።

ስም አልጠራችም። ግን የሰው አንገት ሁሉ ዞረ። አያ ካሴ በሩ አጠገብ ነበሩ፤ ትርንጎ ከጎናቸው ቆማለች። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ወሬ እንተወው። መምህርት፣ አንቺ ንገሪን፤ ምግቡ ላይ ችግር ነበር?» አለኝ። ትርንጎ አየችኝ። ልጅቷ አልፈራችም ነበር! እኔ እንደምናገር አምና ነው የምታየኝ። ስለ አረንጓዴው ድንች የተነጋገርን እሷና እኔ ነን፤ አስተማሪዋ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ተራው የእኔ ነው ብላ ትጠብቃለች።

«ምግቡ ላይ ምንም ችግር አልነበረም» አልኩ።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ምግቡን ነፃ ሳወጣው ለሰዎቹ ምን ቀረላቸው? የቀጥቃጩ ዓይን ነው የቀረው። እኔ «ቡዳ» የሚል ቃል ከአፌ አላወጣሁም፤ ለዓመታት ራሴን የማባብለው በዚህ ነበር። ባላወጣውስ? ሌላውን በር ሁሉ ዘግቼ በአንዱ በር የነዳኋቸው እኔ አይደለሁም?

ትርንጎ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። ለምን አልተናገረችም? ብትናገርስ ማን ይሰማት ነበር? የካሴ ልጅ ናት፤ እኔ መምህርት ነኝ። ከዚያ በኋላ በክፍል አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ልጆቹ ቆሎ ሲበሉ እሷ ካለፈች እጃቸውን ይሸፍናሉ። ክበቡ ተዘጋ። ጥቂት ሳምንት መጣች፤ ከዚያ ቀረች። ቤታቸው ሄጄ አልጠየቅኋትም። ስም ስጠራ እሷ ጋ ስደርስ ፈጠን ብዬ አልፍ ነበር።

ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። በዚያ የወላጆች ቀን መምህራኑ «አንቺስ አትቀምሽም?» ሲሉኝ «ጾም ነኝ» አልኳቸው። ጾም አልነበርኩም፤ ጠዋት ቤቴ ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት። ሳላውቅ ነው፣ ተሳስቼ ነው፣ ይህን ያህል ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም እንዳልል ይህች ነገር አፌን ትይዘኛለች። ለራሴ የፈራሁትን ለሰው ልጆች አቀረብኩ።

በኋላ ወደ ከተማ ተዛወርኩ። አገባሁ፤ ወለድኩ። ልጄ ድንች በበላ ቁጥር ሳልፈልግ ግንባሩን እነካለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እያደር ጠቆረ።

ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ማጭድ ዘርግተው የተቀመጡ ሽማግሌ ፊት ደረስኩ። አያ ካሴ ናቸው። ዞሬ ልሸሽ ስል አወቁኝ። ብድግ ብለው «መምህርት! አንቺ ነሽ?» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። «ልጄን ከሰው እኩል ያቆምሻት አንቺ ብቻ ነሽ። እግዜር ብድርሽን ይክፈልሽ» አሉኝ። ምርቃቱ እሳት ሆኖ ፈጀኝ። ስለ ትርንጎ ጠየቅኳቸው። ሐሙሲት ከተማ ናት፤ አግብታለች፤ ወንድ ልጅም ወልዳለች አሉኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት! ማንን ይመስላል ልጁ?» አልኳቸው።

«አላየሁትም» አሉ።

ምነው ብላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእነዚያን ልጆች ነገር ታውቂ የለም ወይ? እኔ በሰው ክፉ አስቤ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር ያየሁ። ደስ ብሎኝ ባየሁት ያ ሁሉ ሕፃን ወደቀ። ሰው ሳይፈልግም ዓይኑ ይሠራ ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ትርንጎ ና እያለች ትልክብኛለች። የልጅ ልጄን እንዳልጎዳው ፈራሁ» አሉኝ።

ሰምታችኋል? ሰውየው ውሸቴን አምነውታል። አገሩ ቢያማቸው አንድ ነገር ነው፤ እኔ ግን የገዛ ዓይናቸውን እንዲፈሩ አደረግኋቸው። ያን ሰምቼስ ምን አልኩ? «አይዞዎት» አልኩ። አንድ ማጭድ ገዛሁና ሄድኩ። ከተማ ተቀምጬ ምን እንደማጭድበት እንጃ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እህል አልበላ አለኝ። ለንስሐ አባቴ ብናዘዝ ስግደት ሰጥተው ያሰናብቱኛል፤ ውሸቱ ግን እዚያው መንደር ውስጥ ይኖራል። የተናገርኩት በሕዝብ ፊት ነው፤ ማፍረስም ያለብኝ በሕዝብ ፊት ነው ብዬ ቆረጥኩ።

ባለፈው እሑድ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ለምኜ ሕዝቡ ቆየልኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ዘር ድንቹን፣ ትርንጎ የነገረችኝን፣ ስብሰባው ላይ የዋሸሁትን። ስጨርስ ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ከሴቶቹ በኩል ግን «ውይ፣ እሷንም!» የሚል ሰማሁ። ሌላዋ «ገበያ ላይ ከካሴ ጋር ቆማ ባያት ጊዜ ፈርቼላት ነበር» አለች። ቡዳ የያዘው ሰው ይለፈልፋል ይባላል፤ ያልሠራውን ሠራሁ ይላል ይባላል። አንዲት አሮጊት መጥተው ጤና አዳም በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዬ ላይ ያዙልኝ። «አይዞሽ ልጄ፣ ይለቅሻል። ጠበል ትገቢያለሽ» አሉኝ። እያዘኑልኝ ነበር! አብጃለሁ እንዴ፣ እውነቴን ነው እያልኩ ብጮህ የባሰ አዘኑልኝ። ያኔ በስብሰባው ላይ ብናገር ማን ይጠራጠረኝ ነበር? ቃሌን አምነው አይደል ምግቡን ንጹሕ ያሉት? ዛሬ ማንም አላመነኝም፤ ጥፋቱም የእነሱ አይደለም።

ከግቢው ስወጣ አያ ካሴ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አገኘኋቸው። ሁሉንም ሰምተዋል።

«ድንቹ ነው?» አሉኝ።

«ድንቹ ነው።»

«ልጄ ነግራሽ ነበር?»

«ነግራኛለች።»

ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው «እኔ አይደለሁማ» አሉ።

«አንቱ አይደሉም» አልኳቸው።

ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ፣ በያዙት በትር ቢመቱኝ በወደድኩ። ወደ መንገዱ ነበር የሚያዩት። «የሐሙሲት መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» ብለው ጠየቁኝ። ቀኑን ሙሉ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ አይጠፋም፣ የመጨረሻው ግን ቀደም ብሎ ይሞላል አልኳቸው፤ እዚያ ድረስ ላድርስዎት ብዬም ተነሣሁ።

«አንቺ ቅሪ» አሉኝ።

ቀረሁ። ይቅር ይበሉኝ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት። ቆመው እኔን ሲሰሙ መኪናው እንዳያመልጣቸው ፈራሁ።